ትልን "በሞቴ" አይበሉት፦ በበረንዳ ላይ ቀይ ትል አርብቶ የአትክልት ማዳበሪያ ማዘጋጀት

የመጀመሪያዎቹን ትሎቼን የገደልኳቸው በደግነት ነው። የልጄ ክርስትና ድግስ ሲያበቃ የተረፈውን እንጀራ ከነሽሮው፣ ጎመኑን ከነዘይቱ "ለእነሱም በዓል ነው" ብዬ ሣጥናቸው ውስጥ ገለበጥኩት። በሦስተኛው ቀን እጄን ስከትት ውስጡ ይሞቃል፤ ሽታው የከረመ ጠላ ነው። መውጣት የቻሉት ትሎች የሣጥኑን ግድግዳ ተንጠላጥለው፣ በረንዳውን አቋርጠው ወደ ታች ወርደዋል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ በማግስቱ በሬን አንኳኩተው "ልጄ፣ ከላይ ትል ይዘንብብኛል፤ ምን መዓት ነው?" አሉኝ።

ትል ማርባት ከባድ ሥራ አይደለም። ዶሮ ከማርባት ይቀላል፤ ድምፅ የለው፣ ክትባት የለው፣ በሳምንት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈልግም። ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው። ያደግነው እንግዳን "በሞቴ" እያሉ ሲያበሉ እያየን ነው፤ ትልን "በሞቴ" ሲሉት ግን የሚሞተው ራሱ ትሉ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እጅን መሰብሰብን የሚመለከት ነው።

የሚፈለገው ትል የትኛው ነው?

"ትል" የሚለው ቃል በቋንቋችን ክፉ ስም ተሸክሟል። የሥጋ ትል አለ፣ የሆድ ትል አለ። እናቴ ሣጥኑን ባየች ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ይኼ ነገር ነገ ዝንብ አይሆንም?" የሚል ነበር። አይሆንም። የሥጋ ትል የምንለው የዝንብ እጭ ነው፤ አድጎ ክንፍ ያወጣል። የመሬት ትል ግን ትል ሆኖ ተፈልፍሎ ትል ሆኖ ይሞታል። ጥርስ የለውም፣ ሰው ሆድ ውስጥ አይኖርም። የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ቆዳው ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፤ ዓይን ባይኖረውም ብርሃንን ለይቶ ይሸሻል። ይህን ካወቁ የሣጥኑን ሕግ ግማሹን አወቁ ማለት ነው፦ እርጥበት፣ ጨለማና አየር።

ጓሮ ሲቆፈር የሚወጣውን ወፍራም ትል ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ መክተት አይጠቅምም። እሱ አፈር ሰርስሮ ወደ ጥልቅ የሚወርድ ዝርያ ነው፤ የኩሽና ትርፍ በሞላበት ጠባብ ቦታ አይለምድም። የሚያስፈልገው በበሰበሰ ቅጠልና በእበት ክምር ላይኛው ሽፋን ውስጥ የሚኖረው ቀይ ትል ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ኤይሴኒያ ፌቲዳ ይባላል። ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቀላ ባለው ሰውነቱ ላይ ገርጣ ያሉ ቢጫ ቀለበቶች ይታያሉ። የግብርና ባለሙያዎቻችን ከእሱ የሚገኘውን ማዳበሪያ ቨርሚ ኮምፖስት ይሉታል።

ትሉን ለማግኘት የግብርና ምርምር ማዕከላትን፣ የዩኒቨርሲቲ የግብርና ክፍሎችን ወይም የአካባቢዎን የግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞ ያረባ ሰው ነው፤ ትሉን ከለመደው ጉዝጓዝ ጋር ይሰጥዎታል። የሚገዙ ከሆነ ሚዛኑ የትሉ ይሁን እንጂ የእርጥብ እበቱ አይሁን። ከአንገቱ ወረድ ብሎ ወፈር ያለ ቀበቶ የሚታይበት ትል ለአካለ መጠን የደረሰ ነው፤ በብዛት እንዲህ ያሉት ካሉበት ጥሩ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ፈጥኖ የማይሸሽ ትል የታመመ ወይም የተራበ ስለሆነ ይተዉት።

ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ኪሎ ለመነሻ ይበቃል፤ ይህም ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ትል ነው። ዋጋው ከከበደዎት በሁለት መቶ ትልም መጀመር ይቻላል፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው፤ ሆኖም ለመራባት ሁለት ሆነው መገናኘት አለባቸው። የእንቁላል ከረጢታቸው ከምስር ፍሬ ያነሰች፣ የሎሚ ቅርጽ ያላት፣ መጀመሪያ ቢጫ ኋላም ቡናማ የምትሆን ናት። በተስማሚ ሙቀት በሦስት ሳምንት ገደማ ትፈለፈላለች፤ ከአንዷ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ትሎች ይወጣሉ። እነዚህም ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው ራሳቸው ይራባሉ። እንክብካቤው ከተስማማቸው ቁጥራቸው በሁለት ሦስት ወር እጥፍ ይሆናል።

ሣጥኑን ማዘጋጀት

ቀይ ትል ላይ ላዩን የሚኖር ፍጥረት ስለሆነ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሣጥን ይወዳል። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ለበረንዳ ተስማሚ ነው። ረጅም ባልዲ ወይም በርሜል አይምረጡ፤ ከታች አየር ስለሚያጣ ይሸታል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ጎኑን የተቆረጠ ትልቅ ጀሪካን ወይም የጣውላ ሣጥን ሁሉም ይሠራሉ። ፕላስቲክ ከሆነ ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። ጣውላ ከሆነ ደግሞ ቀለም ያልተቀባ፣ በተለይም ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያልጠጣ መሆኑን ያረጋግጡ። አናጺዎች ይህን ዘይት ይወዱታል፤ ትሉ ግን በቆዳው ይጠጣዋል።

ከታች ከ10 እስከ 15 የሚደርሱ ቀዳዳዎች ይብሱ፤ የእያንዳንዱ ስፋት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በጎንና በጎን ከላይኛው ጠርዝ በታች ያነሱ የአየር ቀዳዳዎች ያክሉ። መሰርሰሪያ ከሌለዎት በእሳት የጋለ ምስማር ፕላስቲኩን ይበሳዋል፤ ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ውጭ ይሥሩት። የታችኞቹን ቀዳዳዎች ከውስጥ በወባ አጎበር ቁራጭ ይሸፍኑ። ሣጥኑን በአራት ብሎኬት ወይም ጡብ ላይ ያስቀምጡና ከሥሩ ፍሳሽ የሚቀበል ትሪ ይግፉ።

ለጉንዳን ከወዲሁ ይዘጋጁ። ሣጥኑን በአሮጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የጠረጴዛውን አራት እግሮች ውኃ በያዙ ቆርቆሮዎች ውስጥ ማቆም ከማንኛውም መርዝ ይበልጣል። ጉንዳን የሚገድል ፍሊት ትሉንም ይገድላል።

ለክዳን የራሰ ጆንያ ከላይ ያልብሱበት። ጆንያ ካጡ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢትም ይሆናል። እኛ ባዶውን ከረጢት ራሱን "ማዳበሪያ" ብለን መጥራት ከጀመርን ቆይተናል፤ የእኔ ሣጥን ማዳበሪያ ለብሶ ማዳበሪያ ያዘጋጃል ማለት ነው።

ቦታው ጥላ መሆን አለበት። ቀይ ትል በ15 እና በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ይመቸዋል፤ ከ30 ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ወደ 35 ሲጠጋ ያልቃል። የአዲስ አበባ፣ የደብረ ብርሃን ወይም የጎንደር ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። አዳማ፣ ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ከሆኑ ሣጥኑን ቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ወለል ላይ፣ ወይም ዛፍ ሥር ያድርጉት። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተጠጋ ሣጥን ግን የትም ቢሆን በቀትር ይጋገራል። ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ በረንዳም የከሰዓት ፀሐይ ይመታዋል፤ እኔ ሣጥኔን ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ ያዛወርኩት ለዚህ ነው።

ጉዝጓዝ

ትሎቹ የሚተኙበትም የሚበሉትም ጉዝጓዙን ነው። በጣም ቀላሉ የካርቶን ጉዝጓዝ ነው። ያልተለበጠ ቡናማ ካርቶን በጣት ስፋት እየቀደዱ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳድሩት። ሙጫ ቴፑንና ሽቦውን ያውጡ። ጋዜጣም ይሆናል፤ የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ግን አይሆንም። የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ የኮባ ቅጠልና የሙዝ ቅጠል ቢጨመሩበት ውስጡ አየር ይይዛል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጥድ ሰጋቱራ ግን ጠንካራ ዘይት ስላላቸው ይቅሩ።

ከሦስት እጅ ካርቶንና ጭድ ጋር አንድ እጅ የከረመ የከብት እበት ቢቀላቅሉ ትሉ ከቤቱ የወጣ አይመስለውም። "የከረመ" የሚለውን ቃል አስምሩበት። ትኩስ እበት ሲብላላ ይሞቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ውጭ ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ሙቀቱ መውጣት አለበት። በቅርቡ የጥገኛ ትል መድኃኒት የተሰጠው ከብት እበትም አይሁን፤ መድኃኒቱ የከብቱን ትል ገድሎ የእኛን አይምርም። የዶሮ ኩስ አሞኒያው ያቃጥላል፤ የውሻና የድመት ደግሞ ለሰው በሽታ ስለሚያመጣ ፈጽሞ አይገባም።

በዚህ ላይ ሁለት እፍኝ ተራ አፈር ይበትኑ። ትሉ ጥርስ ስለሌለው ምግቡን የሚፈጨው እንደ ዶሮ በሆዱ ውስጥ ባለ ጡንቻ ነው፤ ለመፍጫው አሸዋና ደቃቅ አፈር ያስፈልገዋል። የእንቁላል ቅርፊት አድርቆ በሙቀጫ መውቀጥና ማንኪያ ማንኪያ መበተንም ይህንኑ ያደርጋል፤ ከዚያም በላይ ኮምጣጣነትን ያረግባል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የተቀቀለው የ12ቱ እንቁላል ቅርፊት ለሁለት ወር ይበቃኛል።

እርጥበቱን የሚለካ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ አጥብቀው ይጭመቁ፤ በጣቶችዎ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣ አንሷል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ክፍት ዕቃ ውስጥ ማደር አለበት ይባላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ምክር ትርፍ ነው፤ ውኃችን ሳይታዘዝ በባልዲ ሲያድር ኖሯል።

ሣጥኑን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በጉዝጓዝ ይሙሉና ትሉን ሳያስገቡ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይተዉት። በዚህ ጊዜ እጅዎን ወደ መካከሉ ሰድደው ይፈትሹ። ከውጭው አየር የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው። ሙቀቱ ሲጠፋ አምስት ትሎች ብቻ ልከው አንድ ሌሊት ያሳድሯቸው። ጠዋት ጉዝጓዙ ውስጥ ገብተው ካገኟቸው ቤቱ ደርሷል። ክዳኑ ላይ ተለጥፈው ካገኟቸው ደግሞ ሌላ ሳምንት ይታገሡ። ይህን ፈተና የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ።

ትሎቹ ሲገቡ

ትሎቹን ከመጡበት ጉዝጓዝ ጋር መሐል ላይ ያፍስሷቸው፤ በእጅዎ አይቅበሯቸው። ብርሃኑን ሸሽተው በራሳቸው ይወርዳሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላይ የቀሩትን ያንሱ፤ የሞቱ ወይም የደከሙ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች አዲስ ቤት ስለሚጨንቃቸው ይዞራሉ። ክዳኑን ከፍተው ከበላያቸው አምፖል አብርተው ያሳድሩ፤ ብርሃን ካለ ወደ ላይ አይወጡም። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ ይህን ሁሉ በሥርዓቱ አድርጌ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ጠዋት ስነሳ ከበረንዳው ወለል ላይ አርባ ያህል ለቀምኩ። ከዚያ ወዲህ በባትሪ የሚሠራ ፋኖስ ከአጠገባቸው አስቀምጣለሁ።

ማብላት

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። "ቀይ ትል በቀን የክብደቱን ግማሽ ይበላል" የሚል ነገር በየቦታው ያነባሉ። ይህ ሙቀቱም እርጥበቱም ተስተካክሎ፣ ምግቡም ደቅቆ ሲቀርብለት የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ለጀማሪ የክብደቱ አንድ አምስተኛ ይበቃል፤ እሱም ከሁለት ሳምንት በኋላ። ግማሽ ኪሎ ትል ካለዎት በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሻይ ብርጭቆ የተከተፈ ልጣጭ ብቻ ይስጡ። በሁለተኛው ሳምንት ይህንኑ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 350 ግራም ያህል። ከሦስት ወር በኋላ ሲበዙ እጥፍ ማድረግ ይቻላል። የቤትዎ የኩሽና ትርፍ ከዚህ ቢበልጥ የቀረውን ጓሮ ይቅበሩት ወይም ለተራ ኮምፖስት ያውሉት። ሣጥኑ የቆሻሻ ገንዳ አይደለም።

አቀራረቡ እንዲህ ነው። ትርፉን በደንብ ይክተፉ፤ የጎመን አገዳ ለመብላላት ወር ይፈጅበታል፣ የተከተፈው ግን በሳምንት ያልቃል። ፍሪጅ ካለዎት በረዶ ቤቱ (ፍሪዘሩ) ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድረው ያሟሙት፤ ይለሰልሳል፣ የትንኝ እንቁላልም ይሞታል። ከዚያ ከሣጥኑ አንድ ማዕዘን ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገው ይቅበሩና በአራት ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይሸፍኑት። በሚቀጥለው ጊዜ ከአጠገቡ፣ ቀጥሎ ሌላው ማዕዘን፣ እንዲህ እያሉ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዙሩ። ዞረው ወደ መጀመሪያው ሲመለሱ ያኖሩት ምግብ ካልጠፋ ምንም አይጨምሩ፤ ክዳኑን ዘግተው ይሂዱ። ሁለት ሳምንት ቢረሷቸውም አይሞቱም፣ ጉዝጓዙን ይበላሉ።

በእኛ ቤት ከሚወጣው ውስጥ ካሮት፣ ድንች፣ ዱባ፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ያለ ሐሳብ ይገባሉ። የፓፓያ፣ የሙዝና የአቮካዶ ልጣጭ ይወዳሉ፤ ሐብሐብ ውስጥ ተሰብስበው ሲበሉ ማየት ራሱ ያዝናናል፣ ሆኖም ውኃው ብዙ ስለሆነ ደረቅ ካርቶን ይጨምሩበት። የጀበና አተላ በጣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቡና በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈላበት ቤት ሁሉንም ቢጨምር ሣጥኑ ይኮመጥጣል። ከጠቅላላው ምግብ ከአምስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ ያድርጉ። የሻይ ቅጠልም እንዲሁ።

ሽንኩርት ለብቻው ይነገርለት። የውጭ አገር መመሪያዎች ሽንኩርት አታስገቡ ብለው ያልፉታል፤ የሐበሻ ኩሽና ግን ከማንም በላይ የሚያወጣው የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ደረቁ ቀይ ልጣጭ በጥቂቱ ከካርቶኑ ጋር እንደ ጉዝጓዝ ሲገባ ጉዳት አላየሁበትም፤ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል። እርጥቡ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ትሉን ያርቃሉ፣ ሣጥኑም እንዲሸት ያደርጋሉ። ሎሚና ብርቱካን አይግቡ። ቃሪያ ከነፍሬው አይግባ።

በርበሬ፣ ጨውና ዘይት የነካው ወጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ጨው እርጥብ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያሻም። ሥጋ፣ አጥንትና አይብ አይጥ ይጠራሉ። እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነና ሲብላላ ስለሚሞቅ፣ ከገባም መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብቻ፣ ደርቃና ተፈርፍራ ትግባ። የጠላ አተላ ለከብት እንጂ ለትል አይሆንም። የጫት ገረባ ለመጨመር የሚፈልጉ አሉ፤ ተክሉ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል እኔ አልጨምርም። አመድም ይከለከላል፤ ጓሮ ያለው ሰው አመድ መበተን ስለለመደ ሣጥኑም ላይ ይበትናል፣ እሱ ግን ቆዳቸውን ያደርቃል።

የሣጥኑ ዓመት ከእኛ ዓመት ጋር አብሮ ይዞራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የአትክልት ልጣጭ ይትረፈረፋል፤ ያኔ ነው እጅን መሰብሰብ የሚያስፈልገው። ወራቱም የካቲትና መጋቢት፣ አየሩ የሚሞቅበት ስለሆነ ጆንያውን በየቀኑ ማርጠብ ይገባል። ፋሲካ ሲገባ ምግቡ በድንገት ይቀንሳል፤ ይህ ትሎቹን አይጎዳቸውም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እንዳይገባ ጆንያው ላይ ዘንበል ያለ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ያስፈልጋል፤ ብርዱም ስላለ ምግቡን በግማሽ ይቀንሱ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለሚበርድበት ደጋ ደግሞ ሣጥኑን በጭድ ማልበስ ይበቃል።

ሲበላሽ

ሽታ ሁልጊዜ የሚናገረው ነገር አለው። ጤነኛ ሣጥን የመጀመሪያው ዝናብ የመታውን አፈር ይሸታል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይም ውኃው በዝቷል። ጉዝጓዙን በእጅ ቀስ ብለው ያላሉ፣ ደረቅ ካርቶን ይቀላቅሉ፣ ለሁለት ሳምንት ምግብ ያቁሙ። ከኮመጠጠ ያልተበላውን ምግብ ለቅመው ያውጡና የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ይበትኑ። ክር የመሰሉ ቀጫጭን ነጭ ትሎች በብዛት ከታዩም የኮምጣጣነት ምልክት ነው፤ የእኛው ትል ልጆች መስለው ብዙዎችን ያታልላሉ። እነሱ ራሳቸው አይጎዱም።

ትንኝ ከበዛ ምግቡ ላይ ላዩን ቀርቷል። በጥልቀት ይቅበሩ፣ ከላይ ሁለት ጣት ደረቅ ጋዜጣ ያልብሱ። አጠገቡ ጥቂት ኮምጣጤ በብርጭቆ አድርጎ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማከል ብዙውን ይይዛል፤ ብርጭቆው ከሣጥኑ ውጭ ይሁን። ሻጋታ ትንሽ ቢታይ አያስጨንቅም፣ ትሉ ይበላዋል። ትሎቹ ሁሉ ወደ ዳር ተጠግተው ወደ ላይ ሲወጡ ግን ከውስጥ የሚያሳድዳቸው ነገር አለ፤ ሙቀቱን በእጅዎ ይለኩ። ያኔ ግማሹን ጉዝጓዝ አውጥቶ በሸራ ላይ ማስፋትና ማቀዝቀዝ ብቸኛው መድኃኒት ነው። ይህን በክርስትናው ማግስት አውቄው ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ አይደነግጡም ነበር።

ዶሮ ያለበት ግቢ ውስጥ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫን። ሌላ የሚባል የለም።

መሰብሰብ

ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ካርቶኑም ልጣጩም ጠፍቶ የተፈጨ ቡና የመሰለ ጥቁር ደቃቅ ነገር ይቀራል። ይህ የትሉ ኩስ ነው፣ የተፈለገውም እሱ ነው። ከዚህ በላይ ማቆየት ትሎቹን ይጎዳል፤ ማንም በራሱ ኩስ ውስጥ ብቻ ሲኖር አይወፍርም።

ትሉን ከማዳበሪያው ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። ለማይቸኩል ሰው፦ በአንድ በኩል ያለውን የበሰለ ጉዝጓዝ ወደ ጎን ሰብስበው፣ ባዶውን ግማሽ በአዲስ ጉዝጓዝ ይሙሉና ከአሁን በኋላ ምግብ እዚያ ብቻ ይስጡ። በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ወደ ምግቡ ይሰደዳሉ፤ የቀረውን ያለ ትል ያነሱታል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ለሚቸኩለው ደግሞ፦ ብርሃን ባለበት ጥላ ሥር ሸራ ዘርግተው የሣጥኑን ይዘት በትንንሽ ቁልሎች ያስቀምጡ። ትሎቹ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ። በየአሥር ደቂቃው የእያንዳንዱን ቁልል ላይኛውን ክፍል በእጅ እየላጩ ይውሰዱ። በመጨረሻ ከሸራው ላይ የተጠቀለለ የትል ኳስ ይቀራል፤ ወዲያውኑ ወደ አዲስ ጉዝጓዝ ይመልሱት። ልጆች ይህን ቀን ይወዱታል። በሚሰበስቡት ውስጥ ያሉትን የሎሚ ቅርጽ ያላቸውን ከረጢቶች ለቅመው ቢመልሱ ነገ ትል ናቸው።

የተሰበሰበውን በአሸዋ ወንፊት ነፍተው፣ ሳይደርቅ፣ አየር በሚያስገባ ከረጢት ጥላ ውስጥ ያኑሩ። ድንጋይ እስኪሆን ከደረቀ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ በስድስት ወር ውስጥ ቢጠቀሙበት ይሻላል።

አጠቃቀም

ስለዚህ ማዳበሪያ የሚነገረው ውዳሴ አንዳንዴ ልኩን ያልፋል፤ ሒሳቡን እንየው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ቨርሚ ኮምፖስት ግን ብዙውን ጊዜ ከደረቅ ክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ያን 46 ኪሎ ከትል ለማግኘት ሠላሳ ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ የበረንዳ ሣጥን የስንዴ ማሳን አያዳብርም። የሚያዋጣው ለችግኝ፣ ለዕቃ ተክልና ለጓሮ መደብ ነው፤ እዚያም አፈሩ ውኃ እንዲይዝ፣ እንዲላላና ሕይወት እንዲኖረው ማድረጉ ከናይትሮጅኑ ይበልጣል። ተክልን የማያቃጥል መሆኑም ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ለችግኝ አንድ እጅ ማዳበሪያ ከአራት እጅ አፈርና አሸዋ ጋር ይቀላቅሉ። ከዚህ ማብዛት አይጠቅምም፤ ከግማሽ በላይ ሲሆን የሰላጣ ዘሬ በቅሎ ቀጭጮብኛል። እዚህም "በሞቴ" አይሠራም። ለተተከለ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም በየወሩ ሁለት እፍኝ ከግንዱ ዙሪያ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ መጨመርና ውኃ ማጠጣት በቂ ነው። በዕቃ ላለ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ጽጌረዳ በሁለት ወር አንድ እፍኝ። ሣጥኑ እንደ ተራ ኮምፖስት ስለማይሞቅ የቲማቲምና የዱባ ዘር አይሞትበትም፤ ጽጌረዳው ሥር ቲማቲም ቢበቅል አይደንግጡ። በዚሁ ምክንያት ተህዋስያንም ሁሉ ሞተዋል ማለት ስለማይቻል ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና፣ ጥሬ የሚበላ ሰላጣንም በደንብ ማጠብ ግዴታ ነው።

ከትሪው ላይ የሚጠራቀመውን ቡናማ ፍሳሽ ብዙ ሰው "የትል ሻይ" ይለዋል። ያልበሰለ የምግብ ጭማቂ ሊሆን ይችላል፤ ከሸተተ ይድፉት፣ ካልሸተተም በአሥር እጥፍ ውኃ አቅጥነው ለአበባ ሥር ብቻ ያጠጡ። ፈሳሽ ማዳበሪያ ከፈለጉ የበሰለውን ማዳበሪያ አንድ እጅ ከአሥር እጅ ውኃ ጋር አንድ ቀን ዘፍዝፈው፣ አጥልለው በዚያው ቀን ይጠቀሙበት። ፍሳሽ በየቀኑ የሚጠራቀም ከሆነ ግን ውኃ እያበዙ ነው።

ለሌላ ሰው ማካፈል

ከዓመት በኋላ ሣጥኑ ይጠባል። ትሎቹ ቦታ ሲያጡ መራባታቸውን ይቀንሳሉ እንጂ አይፈነዱም፤ ቢሆንም ግማሹን መስጠት ሁለቱንም ወገን ይጠቅማል። ሲያጓጉዙ በተቋጠረ ፌስታል አያድርጉ፤ በአንድ ጉዞ ታፍነው ያልቃሉ። ከታች እርጥብ ጉዝጓዝ የተነጠፈበት የጫማ ካርቶን፣ ክዳኑ በእስክሪብቶ ተበስቶ፣ ከመኪናው ሞተርና ከፀሐይ ርቆ ይሂድ። ከትሉ ጋር አንድ ባልዲ የለመዱትን ጉዝጓዝ ይስጡ፤ የተቀባዩ ሣጥንም ቀድሞ የተዘጋጀና የቀዘቀዘ መሆኑን ይጠይቁ።

ባለፈው ጥቅምት የመጀመሪያውን ግማሽ ኪሎ የወሰዱት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናቸው፤ ለጤና አዳማቸው። በሦስተኛው ቀን ማታ ስልክ ደወሉልኝ፤ ትሎቹ ክዳኑ ላይ ወጥተዋል፣ ምን ይሁን? ምን እንዳበሏቸው ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "አዲስ ቤት ገብተው ባዶ ሆዳቸውን ይደሩ?" አሉኝ። እንጀራውን ለቅመው እንዲያወጡ፣ ክዳኑን ከፍተው አምፖሉን አብርተው እንዲያድሩ ነገርኳቸው።